ጋሽ ሙሉቀን ያልመረጡት የጊታር ክር

ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ የሚያቅተው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እዚሁ ደብረ ማርቆስ ጎረቤቴ ጋሽ ሙሉቀን ገጥመውኛል፤ ድሮ በየሠርጉ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው።

“ለጊታሬ ለስላሳው ክር ይሻላል ሸካራው?” ብለው ወደ ቤታቸው ጠሩኝ። የለስላሳው ድምፅ ረገብ ያለ ነው፤ የሸካራው ይጮኻል። አንዱን እየፈቱ ሌላውን እያሰሩ ሲያሰሙኝ ዋሉ።

“ለስላሳው ይሻላል፣ ጋሼ” ብዬ ተነሣሁ። የአገር ሽምግልና የጨረስኩ ያህል ኮርቻለሁ።

የፈቱትን ክር መጠቅለል ጀመሩ። “እንግዲህ ከተወሰነ ነገ አትመጣማ?”

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያን በር የሚያንኳኳ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

“ሸካራውን በደንብ አልሰማሁትም፤ እስቲ ይድገሙልኝ” አልኳቸው።