ከፎቶው ጀርባ የበራችው መብራት

መጥፎ ወሬ የሚነግረንን ነገር ሁሉ አፉን መሸፈን እንወዳለን። እርስዎ አይወዱም? እንግዲያው ማለዳ የሚጮኸውን ስልክ ትራስ ሥር የሚወሽቀው ማነው? የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ "መሣሪያው ተበላሽቷል" ብሎ ሌላ ጤና ጣቢያ የሚሄደውስ? እኔ በዚህ ጉዳይ ማንንም ለመውቀስ አፍ የለኝም። ሰመራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ሁለት ብረቶች ያለ ዘይት ሲፋተጉ ምን እንደሚደርስባቸው በሥዕል አስደግፌ አስረድቻለሁ፣ ፈተና አውጥቼበታለሁ፣ በዚያ ጥያቄ የወደቀም ተማሪ አለ። ከዚያ ማስተማሩን ትቼ መኪና ገዛሁና የገዛ ሞተሬን በሰበቃ አቃጠልኩት።

መኪናዋ ከሰመራ አዋሽ ሰው የምታመላልስ ቅጥቅጥ ናት። እሷን ለመግዛት ባለቤቴ ዘሃራ ደሴ ያለውን የአባቷን ቤት ሸጣለች፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ። ባልደረቦቼ በሽኝቴ ቀን የግድግዳ ሰዓት ሸልመውኝ፣ "ለማንኛውም ወንበርህን ለሰው አንሰጥም" ብለው ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅሁ፤ በልቤ ግን ያቺ ወንበር ላይ ዳግም ላልቀመጥ ማልኩ።

አሁን ወደ መብራቷ። ከመሪው ፊት የዘይት ማንቆርቆሪያ ምስል ያላት ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ዘይት ሲጎድል ትበራለች። የእኔዋ ግን ጉድጓድ በመታን ቁጥር ያለ ምክንያት ብልጭ ትል ነበር፤ ያለ ምክንያት የመሰለኝ እንግዲህ ለእኔ ነው። ዓይኔን አላሳርፍ ስትለኝ የልጄን የሐያትን ጉርድ ፎቶ ለጠፍኩባት። መብራቷም ተሸፈነች፣ ልጄም አጠገቤ ሆነች። በብልሃቴ ኮራሁ።

አንድ ቀን ከሰመራ ተነስቼ ሚሌን እንዳለፍኩ የሐያት ፊት ቀላ። ከወረቀቱ ኋላ የበራው ብርሃን ጉንጮቿን ፍም አስመስሏቸዋል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ "ልጅህ እንዴት ታምራለች!" አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት። እኚያ እናት አዳይቱ ላይ ወረዱ፤ እኔ ማንኳኳቱን በዘፈን እየሸፈንኩ ቀጠልኩ። ገዋኔ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ! አለና ጸጥ አለ።

ተሳፋሪዎቼ በሌላ መኪና ሄዱ። እኔ ቁልፉን ሞክሬ ሞክሬ ሲታክተኝ እንደተከፈተ ትቼው ከመኪናዋ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሐጂ ሁመድ የመጡት ያኔ ነው። በዚያ አካባቢ ግመሎቻቸውን የሚያሰማሩ አፋር ሽማግሌ ናቸው፤ እንተዋወቃለን። አፋር መንገድ ላይ ከተገናኘ ዳጉ ሳይለዋወጥ አይለያይም። ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ለተቀማጩ ይነግረዋል፤ ያም ለሚቀጥለው። ዳጉ ላይ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ዱሮ በእግርና በግመል ይጓዝ ነበር፤ ዛሬ ሞባይል ይዟል።

"መምህር፣ መኪናህ ምን ሆነች?"

"እንጃ ሐጂ፣ እዚህ ስደርስ ድንገት ቆመች።"

"ከዚህ በፊት አልጮኸችም?"

"ኧረ ምንም።"

"ዘይቷን መቼ አየኸው?"

"ዛሬ ጠዋት።"

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ውሸት። ሐጂ በተከፈተው በር አንገታቸውን አስገቡና አሁንም ቀልታ የምትታየውን ሐያትን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ "አላህ ያቅልልህ" ብለውኝ ወደ ግመሎቻቸው ሄዱ።

በማግስቱ ተጎትቼ አዋሽ ገባሁ። መካኒኩ ጋሽ ታደሰ እጃቸውን በቡትቶ እየጠረጉ ተቀበሉኝ። እኔም እነዚያኑ ሦስት ውሸቶች አንድ በአንድ ደገምኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ከሚሌ ጀምሮ እያንኳኳ ነው የነዳኸው አሉ" አሉኝ።

"ማን አለ?"

"አዳይቱ የወረዱ ሴትዮ ተናግረዋል፤ ዳጉው ከአንተ ቀድሞ ደረሰ። የልጅህ ፎቶም ቀልቶ ነበር አሉ። እስቲ አንሳው።"

አነሳሁት። ቁልፉን ሲያዞሩት ቀይዋ መብራት አፈጠጠችብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"አንተ ያልከውን ባምን ኖሮ" አሉ ጋሽ ታደሰ፣ "ብሮንዙን ብቻ ቀይሬ እሸኝህ ነበር። ብዙ ሳትሄድ ክራንክሻፍቱ ተሰብሮ ሞተሩን በስቶት ይወጣ ነበር። ይውረድ!"

ሞተሩ ወረደ። የዘይቱ ማፍሰሻ ብሎን ላልቶ ዘይቱ መንገድ ለመንገድ አልቋል። የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ የሚሽከረከርበት ስስ ልባስ፣ ማለትም ብሮንዙ፣ በዘንጉ አንደኛው ክብ አንገት ላይ ቀልጦ ተጣብቋል፤ ብረቱም ተቧጭሮ ጠቁሯል። ጋሽ ታደሰ መቧጨሩን ከምንም አልቆጠሩትም፤ ተሞርዶ ይስተካከላል። የፈሩት ስንጥቅ ነው። ከተሰነጠቀ ሞተሩ አለቀለት። ለእኔ ደግሞ የዘሃራ አባት ቤት ከነጣራው ሄደ፣ እኔም ወደዚያች ወንበር ተመለስኩ ማለት ነው።

ክራንክሻፍቱን በነጭ ጋዝ አጥበው አደራረቁትና ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር አይደለህ? ጠመኔ አምጣ።"

ከመኪናዋ መሳቢያ ሁለት ፍሬ ጠመኔ አወጣሁ። ማስተማር ከተውኩ በኋላ ለምን ይዤው እንደምዞር አይጠይቁኝ። ጠመኔውን ፈጭተው ብረቱን ነጭ በነጭ አደረጉት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወደ ውጭ ይወጣና በጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ቁጭ ብለን ጠበቅን። እኔ ተማሪዎቼ ውጤት ሲጠብቁ እንዴት እንደሚያልባቸው ያን ቀን ገባኝ። ድንገት ከሦስተኛው አንገት ሥር ቀጭን ጥቁር መስመር አየሁ። በጣቴ አሳየኋቸው። ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው እፍ አሉት፤ መስመሩ ተነስቶ በረረ። የቡትቷቸው ክር ነበር።

"ደህና ነው" አሉ።

አልሐምዱሊላህ ብዬ እዚያው ዘይቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ክራንክሻፍቱን እንደ ሙሽራ ታቅፌ አዳማ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። የተጎዳው አንዱ አንገት ቢሆንም አራቱም እኩል ካልተሞረዱ ሞተሩ ይንገጫገጫልና አራቱም ተሞረዱ። አሁን ለቀጠነው አንገት ወፈር ያለ ብሮንዝ ያስፈልጋል። የአዳማን መለዋወጫ ሱቅ አንድ በአንድ አዳረስኩ። በዚያ ልክ የለም። አዋሽ ባዶ እጄን ስመለስ ጋሽ ታደሰ አልደነገጡም። ጋራዡ በር ላይ ሻይ ለሚጠጣ አንድ አፋር ልኩን ነገሩት። ሰውየው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደግሞላቸው ሻዩን ጨረሰና ሄደ።

በአራተኛው ቀን ከጂቡቲ መስመር የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ።

"የፎቶው መምህር አንተ ነህ?"

ምን ልበል? "ነኝ" አልኩ። ብሮንዙ ከነካርቶኑ ወረደልኝ። ከሰመራ ባሻገር ዲቾቶ ባለ አንድ ነጋዴ መደርደሪያ ላይ ገዢ አጥቶ ሲጠብቅ ኖሯል። ውርደቴ ዲቾቶ ድረስ ባይሄድ ኖሮ ብሮንዙ አዋሽ ድረስ አይመጣም ነበር።

ጋሽ ታደሰ ሞተሩን ከገጣጠሙ በኋላ "በእጅህ አዙረው" አሉኝ። አዞርኩት፤ ያለ ምንም ጭረት ለስልሶ ዞረ። መልሰን ጫንነው፣ ዘይት ሞላን፣ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ጉርር ብሎ ተነሳ። ቀይዋ መብራት ለአፍታ ታየችና ጠፋች።

"ጠፋች!" ብዬ ጮህኩ። በዚህ አገር ሰው የሚጮኸው መብራት ሲመጣ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እልል ያልኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ጋሽ ታደሰም ጥርሳቸው ታየ። ለዘሃራ ደወልኩና ስልኩን ሞተሩ ላይ ደቀንኩት። ብዙ አዳመጠችና፣ "የአባቴ ቤት ድምፁ ያምራል" አለችኝ።

ሐያትን ከመስታወቱ በላይ ለጥፌ፣ ሰው ሞልቼ ወደ ሰመራ ተነሳሁ። ገዋኔን እንዳለፍኩ ሐጂ ሁመድ ከመንገዱ ዳር እጃቸውን አነሱ። ሞተሩን አጠፋሁና ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተሳፋሪ ይቁነጥነጥ፤ ይህ ዕዳ የእኔ ነው። እውነቱን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፦ ፎቶውን፣ ማንኳኳቱን፣ ሬዲዮውን፣ ሦስቱን ውሸቶች። ስጨርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ሐጂ በእርጋታ ሰሙኝ።

"ይሄ የቆየ ወሬ ነው መምህር" አሉ። "አዲስ ምን አለ?"

ተነስቼ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ሞተሩንም አስነሳሁላቸው። ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረቡና ጆሯቸውን አዘንብለው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።