«መሪው አርጅቷል» ያልሁበት ቮይስ

ወገን፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ። እኔ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ወገቤ አልታጠፍ ብሏል።

ዛሬ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፒካፕ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ ነገ ሽማግሌ የምልክባቸውን የልጅቷን አባት «አንተ» ብዬ መዶሻ ጠየቅኋቸው።

ይሄ እንግዲህ ቀላሉ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ማስረሻ እባላለሁ። ጎንደር፣ ቀሐ ነው ቤቴ። ከጠዳ ሽንኩርት፣ ከድብ ባሕር እህል የምጭንባት አንዲት ፒካፕ አለችኝ። ውባለም የምትባል፣ ፋርማሲ የምትሠራ ሸጋ ልጅም አለችኝ፤ ምኔን ወዳ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አባቷ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ያስተማሩኝም እሳቸው፣ ዳዊቱን አጋምሼ ኳስ ሜዳ የጠፋሁባቸውም እሳቸው። እስከ ዛሬ የኔታ ነው የምላቸው። ስሜ እሳቸው ዘንድ ድሮም ያን ያህል አልነበረም።

ነገ እሑድ ሽማግሌዎቼ ቤታቸው ይገባሉ። ሽማግሌዎቹ የአባቴ ወንድሞች ናቸው፣ ድብ ባሕር ነው ያሉት፤ በፒካፕ ሄጄ የማመጣቸው እኔ ነኝ። የፒካፗ መሪ ደግሞ ላልቷል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሦስት ሽማግሌ ጭኜ በላላ መሪ ልንዳ? ሚስት ላገባ ነው እንጂ ፍታት ላስደርግ አይደለም።

ጋራዥ መውሰድ ይቻል ነበር። ጋራዥ የሚወስድ ግን ዩቲዩብ ያላየ ሰው ነው።

እኔ አይቻለሁ። ቪዲዮው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። የሰውየው እጅ እንኳን አይቆሽሽም። በግራና በቀኝ ጎማ በኩል አንዳንድ የተበላ መገጣጠሚያ አለ፤ ስሙ ዩቲዩብ ላይ ሌላ፣ ጋራዥ ሌላ ስለሆነ አልጠራላችሁም። ሰውየው ፈታ፣ ነቀለ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ፈገግ አለ። አለቀ።

«ራሴ ነኝ የምሠራው» ብዬ ለሠፈሩ ሁሉ አውጄ፣ በጠዋት ግቢዬ ውስጥ ፒካፗን በክሪክ አነሣኋት። ውባለም ደውላ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። ምነው፣ ምን አጥቼ?

እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ዳዶ ፈታሁ። ሁለት!

መገጣጠሚያው ግን ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ቀጠቀጥሁት፣ ለመንሁት፣ ሰደብሁት። አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ መታሁ። በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ አዘዞ ያለውን መካኒክ ልጠራው ወሰንሁ። ጌታቸው ይባላል። ታላቄ ስለሆነ «አያ» ነው የምለው። የመሪ ሥራ የሚችልበት እሱ ነው፤ ስለዚህ ስልኬ ላይ «መሪ ጌታቸው» ብዬ መዝግቤዋለሁ።

የኔታን ደግሞ «መሪጌታ» ብዬ።

አያችሁ ወዴት እየሄድን እንደሆነ? እኔ አላየሁም።

እጄ ግራሶ በግራሶ ነው። በትንሿ ጣቴ «መሪ» ብዬ ጻፍሁና መጀመሪያ የመጣልኝን ነክቼ ቮይስ ላክሁ። ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፤ ዛሬ አራት ጊዜ ተከፍቶልኛል፦

«አያ፣ እንግዲህ መሪው አልቆለታል። አርጅቷል፣ ከዚህ በኋላ አያገለግልም። ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ግራ ይስባል፣ ድምፁም ይንቋቋል። ከነገ በፊት መቀየር አለበት። አዲሱ ከባሕር ዳር መጥቷል፣ ኦሪጅናል ነው። አሮጌው ግን አልነቀል ብሎኛል፤ ብቀጠቅጠውም ንቅንቅ አላለም። ቶሎ ድረስልኝ። ለማንም እንዳትናገር።»

አሁን ይሄንኑ በየኔታ ጆሮ ስሙት።

ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ባለፈው በዓል ማኅሌት ላይ ድምፃቸው ሰልሎ፣ በግራ በኩል የሚቆሙት ግራ ጌታ ነበሩ ዜማውን የተቀበሏቸው። ከዚያ ወዲህ የኔታ ለግራ ጌታው ያደላሉ እየተባለ ይታማል። እኔ ደግሞ «ወደ ግራ ይስባል» ብዬ ላክሁላቸው!

ለሌላ ሰው የተላከ ምሥጢር ተሳስቶ እጃቸው የገባ መሰላቸው። እኔ፣ ልጃቸውን የምጠይቀው ሰው፣ እሳቸውን ለማስነሣት የማሤር መሰላቸው።

መልስ መጣ። አንዲት ቃል ነች፦ «ሰማሁ።»

አያ ጌታቸው ዛሬ ቁጥብ ሆኗል ብዬ ተመልሼ መኪናው ሥር ገባሁ።

የኔታ ከዚያ ያደረጉትን በኋላ ነው የሰማሁት። ስልካቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ደብሩ አለቃ ቤት ሄዱ። «ከባሕር ዳር ያመጣችሁት መሪጌታ ማነው? ለነገ ከሆነ መቋሚያዬን ዛሬውኑ ላስረክብ» አሏቸው። አለቃው ምሳ ላይ ነበሩ። ጉርሻቸውን እንደያዙ ማሉ፣ ተገዘቱ። ቮይሱ ተከፈተ። እንደገና ተከፈተ። አለቃው «እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ልጁን ራሱን ይጠይቁት» አሉ።

እና መጡ።

የግቢዬ በር ሲከፈት ይሰማኛል። ከመኪናው ሥር የሚታየኝ ጥንድ ጥቁር ጫማ ብቻ ነው።

«አያ፣ መጣህ? ተባረክ» አልሁ። «ይኼ ሽማግሌ እምቢ አለኝ እኮ። ከበድ ያለ መዶሻ ይዘሃል?»

ጫማው አንድ ርምጃ ቀረበ።

«መቋሚያ ነው የያዝሁት» አሉ የኔታ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዳዊት ስሳሳት እሰማው የነበረው ነው። ብድግ ልል ስል ግንባሬ ብረቱን መታው። እስካሁን እንዳበጠ ነው።

እየተሳብሁ ወጣሁ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ዐይናቸው ቀልቷል።

«ማስረሻ» አሉኝ፣ «ማርጀቴን እኔም አውቃለሁ። ግን ልጄን ልትጠይቅ ነው፤ ከኋላዬ ከምትማከር ፊት ለፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ስልካቸውን አውጥተው ከፈቱልኝ። ከ«አልቆለታል» እስከ «ለማንም እንዳትናገር» የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

«የኔታ፣ የመኪናው ነው! የመኪናው መሪ ነው!»

ሮጬ በሩን ከፈትሁና መሪውን ይዤ ነቀነቅሁት። ይኼ ነው የሚንቀጠቀጠው አልሁ። ወደ ግራ የሚስበውም ይኼ ነው አልሁ። ከባሕር ዳር የመጣውን ዕቃ ከነካርቶኑ አምጥቼ፣ ኦሪጅናል የሚለውን ጽሑፍ ግራሶ በነካው ጣቴ አሳየኋቸው። ስልኬንም ከፍቼ «መሪ ጌታቸው» የሚለውን አሳየኋቸው። ብቻ ማስረጃ የሚመስል ነገር ሁሉ ደረደርሁ።

ካርቶኑን ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። የኔታ እንዲህ ሲስቁ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አጅቤያቸው ልስቅ ስል «አንተ አትሳቅ» አሉኝ።

እሺ። አልሳቅሁም።

«በል፣ ምኑን ልያዝልህ?» አሉኝ ቀጥለው።

መሪው እንዳይዞር አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወንበሩ ላይ ወጡ፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔ ከሥር እቀጠቅጣለሁ፣ እሳቸው ከላይ ዜማ ያንጎራጉራሉ። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ አሮጌው ወጣ። አዲሱን ገጠምሁ። ሌላኛውንም እንዲሁ። ጎማዎቹን መለስሁና «ቤትዎ ላድርስዎት» አልኋቸው። ልቤ እንዴት እንዳበጠ አትጠይቁኝ።

መንገድ ጀመርን። የኔታ መሪውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ መልሰው መሪውን አዩ።

«ቀጥ ብለን ነው የምንሄደው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«መሪው ግን ወደ ግራ ዞሯል።»

«አዎ፣ የኔታ።»

ትንሽ ሄድን።

«አሮጌው ይሻል ነበር» አሉ።

በራቸው ላይ ሳወርዳቸው ውባለም ቆማ ትጠብቃለች። ወሬው እኛን ቀድሞ ደርሷል። ግንባሬን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች፤ አዝና ሳይሆን ሳቋን ይዛ ነው። የኔታ ሁለት ርምጃ ሄዱና ዞሩ።

«ነገ ሽማግሌዎቹን በሚኒባስ አምጣቸው» አሉኝ። «ለሠርጉም ሌላ መኪና ፈልግ። ልጄ በዚህ አትወጣም።»

ለሠርጉ!

ሽማግሌ ሳይገባ! ውባለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔ ደግሞ ቤቴ እስክደርስ ለብቻዬ ስስቅ ነበር፤ ቀጥ ብዬ፣ መሪው ወደ ግራ ዞሮ።

እንደገባሁ የስልኬን ስሞች አስተካከልሁ። መካኒኩ «ጌታቸው ጋራዥ» ሆነ። የኔታ «አማቴ» ሆኑ፤ ቸኮልሁ መሰለኝ፣ ግን ደስ ይላል። ከዚያ ጠማማውን ነገር ሳልውል ሳላድር ላስተካክል ብዬ፣ እጄን በደንብ ሳልታጠብ፣ ከላይ ያገኘሁትን ነክቼ ቮይስ ላክሁ፦ «አያ፣ ጉድ ሆኛለሁ። አጣምሜ ነው የገጠምሁት። ሽማግሌው ደግሞ ነቅተውብኛል። እሳቸው ሳይሰሙ መጥተህ አቃናልኝ።»

ይሄን እየጻፍሁላችሁ መልስ መጣ።

«ሰማሁ።»

እስቲ የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ፤ አያ ጌታቸው «ሰማሁ» የሚል ሰው ነው?