ጋሽ ወይኔ በሙከራ ጊዜ

በየሥራ ቤቱ ሕመሙን እንደ ሹመት የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። እርስዎን ራስዎን ካመመዎ የእሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እርስዎን ጉንፋን ከያዘዎ እሱ አምና በጉንፋን ሞቶ ተመልሷል። የእኛው ጋሽ ወይኔ ይባላሉ። ስማቸው አይደለም፤ ከወንበር ሲነሱም ሲቀመጡም የሚሉት ነው።

ጋሽ ወይኔ ጨርቅ ቆራጭ ናቸው፤ መቀሳቸው ተሳስቶ አያውቅም። እኔ ዚፕ እተክላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ከጎናቸው ስሠራ የጀርባቸውን አጥንት አንድ በአንድ ለይቼ አውቄዋለሁ። እሳቸውን "እንዴት አደሩ?" ማለት ድፍረት ነበር። አንዲት አዲስ ሰፊ ሳታውቅ ጠይቃቸው፣ ከጉልበታቸው ተነስተው ሆዳቸው ጋ ሳይደርሱ የምሳ ሰዓት አለቀባት። "ሐኪሙ ራሱ ደነገጠ!" ይላሉ ሁልጊዜ። እሳቸውን አይቶ ያልደነገጠ ሐኪም በከተማው አልነበረም።

ታዲያ ስፌት ቤታችን ተዘጋና ሁለታችንም አንዲት ወጣት ወይዘሮ ዘንድ የደንብ ልብስ ልንሰፋ ተቀጠርን። የሙከራው ጊዜ ሦስት ወር ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ሐኪም፣ ምንም ሳይደነግጥ፣ ኩላሊታቸው መድከሙን ነገራቸው። ማክሰኞና አርብ ከሰዓት እጥበት ግድ ሆነ።

ጋሽ ወይኔ አፋቸውን ቆለፉ። ለእኔም የነገሩኝ አስምለው ነው። ሚስታቸው "ለአሠሪህ ንገራት እንጂ!" ቢሏቸው፣ "በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ኩላሊት የለውም!" ብለው ተቆጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው ግን የሙከራ ጊዜ ላይ አልነበረም። ደመወዙ ከሌለ እጥበቱም የለም። ስለዚህ አሠሪያችን ስትመጣ ጋሽ ወይኔ የጨርቅ ጥቅል ብቻቸውን ተሸክመው በፊቷ ያልፋሉ፤ ከዓይኗ ሲሰወሩ ግድግዳ ይደገፋሉ።

ግን ማክሰኞና አርብ ምን ተብሎ ይወጣል? ክቡርነታቸው የዕድሜ ልክ ክምችታቸውን ከፈቱ። ማክሰኞ ጥርስ፣ አርብ ቁርጥማት፣ በቀጣዩ ማክሰኞ ጆሮ። እውነተኛውን ሕመም በሐሰተኛው ሸፈኑት።

በአምስተኛው ሳምንት አሠሪያችን ቢሮዋ አስጠራቻቸው። እኔ የዚፕ ናሙና ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የስንብት ደብዳቤ አየሁ።

"ጋሼ፣ የሰው ገላ ተራ ይዞ ማክሰኞና አርብ ብቻ ያማል እንዴ?" አለቻቸው። "ሥራው ካስጠላዎት በግልጽ ይንገሩኝ።"

ጋሽ ወይኔ ደብዳቤውን አዩ፤ እሷን አዩ። ቢናገሩ በሽተኛ ተብለው ሊባረሩ ነው፤ ዝም ቢሉ ሰነፍ ተብለው።

"ኩላሊቴ ነው፤ እጥበት ላይ ነኝ" አሉ።

አምስት ቃል! በዕድሜያቸው ካወሩት ሕመም ሁሉ አጭሩ። ሐኪሙ ስለመደንገጡ እንኳ አልጠቀሱም። ይሄኔ ነው አሠሪያችን ያመነቻቸው።

"ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?"

"ታባርሪኛለሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

"እኔ ደግሞ ሥራ የሚሸሹ መስለውኝ ዛሬ ላባርርዎ ነበር እኮ!" ደብዳቤውን ቀደደችው። "ማክሰኞና አርብ እስከ ምሳ ይሠራሉ፤ የቀረውን ቅዳሜ ያካክሱታል። ጥቅል ሲሸከሙ ባይ ግን እንጣላለን።"

ከቢሮው ወጥተው መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። ዝም አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ምነው ዝም ባሉልኝ" ስል የኖርኩት ሰው፣ ዝምታቸው አስጨነቀኝ። እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ፤ ምን አባቴ ላድርግ! ወንበሬን ስቤ ተጠጋኋቸው።

"ጋሼ፣ ያመመዎትን ሁሉ ይንገሩኝ። አላቋርጥዎትም።"

መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

"ፈርቻለሁ" አሉ።

"እኔም" አልኳቸው።