የሶር ፏፏቴው ፎቶ

በሌላ ከተማ ቁልፍ የሚገዛው ሌባን ለመከላከል ይሆናል። እኛ ሰፈር፣ መቱ፣ ቁልፍ የሚገዛው ለጎረቤት ለመስጠት ነው። እናቴ እዚሁ ቅርባችን ቡሬ ለቅሶ ስትሄድ በሩን ትቆልፋለች፣ ገፋ አድርጋ መዘጋቱን ታረጋግጣለች፣ ከዚያ ቁልፉን ማዶ ላሉት ጎረቤት ሰጥታ መንገዷን ትቀጥላለች። ዝናብ ሲመጣ የተሰጣውን ቡና የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋላ። በኢሉባቦር ደግሞ ዝናብ ቀጠሮ አይጠይቅም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቁልፉን ለራሱ ብቻ የሚይዝ ሰው ጠንቃቃ አይባልም። አኩራፊ ነው የሚባለው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ድረ ገጻችን ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

የሰፈራችን ልጆች በየአገሩ ሲበተኑ የሚገናኙበት አንድ ድረ ገጽ ተከፈተ። ሰርግ ይነገርበታል፣ መርዶ ይሰማበታል፣ የድሮ ፎቶ ይለጠፍበታል። ኮምፒውተር የተማርኩ ነኝና ጠባቂነቱ ለእኔ ተሰጠ። ሥራው ተስማምቶኝ ነበር። ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ለሚተሳሰር ሴት፣ ማንንም ሳታይ ከሁሉም ጋር ሰላም ከመባባል የበለጠ ምን ሹመት አለ? ከሥራ መልስ መጽሐፌን አስቀምጬ ከእኔ በፊት የነበረችውን መቱ አያለሁ፤ ባጃጅ ያልገባበት ዋና መንገድ፣ ሰፋፊ ሱሪ የለበሱ ጎረምሶች፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ሴቶች በኮረዳነታቸው። ያልኖርኩበት ጊዜ ይናፍቀኝ ጀመር።

አንድ ቀን ገጹን ስከፍት ሁሉም የለም። በቦታው በማላውቀው ፊደል የተጻፈ የቁማር ማስታወቂያ ብልጭ ድርግም ይላል።

የድረ ገጹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ታምሩ ናቸው፤ በጡረታ የተገለሉ የቢሮ ሰው። ከእኔ ሌላ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ለሌላ ሰው ነግረው እንደሆነ በአክብሮት ጠየቅኋቸው። ለክርስትና ልጃቸው ነግረዋል። ለእድሩ ጸሐፊ ነግረዋል። አዲስ አበባ ላለችው ምራታቸውም፣ “ቤተሰብ አይደለችም እንዴ?” ብለው። በመጨረሻ ደግሞ፣ የድረ ገጹ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፣ የይለፍ ቃሉን ካልላክህ ገጹ ይዘጋል ብሎ ለጻፈላቸው ሰው። አማርኛው የተሰባበረ ነበር።

“ውጭ አገር ያደገ ልጅ መስሎኝ አዘንኩለት” አሉኝ።

የመለሱለትንም አሳዩኝ። “የተከበርክ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? ቤተሰብስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል” ይልና የይለፍ ቃሉን ካሰፈረ በኋላ፣ ሌላ የሚቸግርህ ነገር ካለ ከመጠየቅ አትፈር ብሎ ይጨርሳል። ጋሼ ታምሩን ያስከፋቸው መዘረፋችን አልነበረም። ሌባው ሰላምታቸውን አለመመለሱ ነው።

በዚህ መሳቅ ይቻል ነበር፤ እትዬ ዘነበች ባይኖሩ ኖሮ።

እትዬ ዘነበች የሟቹ የመምህር ደሳለኝ ባለቤት ናቸው። ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ በኦሮምኛ “በርሲሳ” ነው የሚሉት፤ አስተማሪ ማለት ነው። ፎቶ መነሣት የማይወድ ሰው ነበርና የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹን ሶር ፏፏቴ ይዞ በሄደ ጊዜ፣ መሀላቸው ቆሞ የተነሣው። ዋናውን ፎቶ ጣራው ባፈሰሰበት ክረምት እርጥበት ከመስታወቱ ጋር አጣበቀውና በላው። ቀድሞ ድረ ገጹ ላይ ተለጥፎ ስለነበር እትዬ ብዙም አላዘኑም፤ ሲናፍቃቸው ቤታችን ይመጣሉ፣ እኔ ስልኬን እከፍትላቸዋለሁ። አሁን ልጃቸው ልታገባ ነው። አባቷ በፎቶም ቢሆን ዳሱ ውስጥ መገኘት አለበት።

“ማሎ፣ ልጄ፣ የምትሆኚውን ሆነሽ አምጪልኝ” አሉኝ። ማሎ ብሎ የለመነ ሰው እምቢ አይባልም።

ገጹ የእኛ መሆኑን ለድርጅቱ አስረድቼ፣ ቁማሩን ጠርጌ፣ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ። ድርጅቱ ካስቀመጠው ቅጂ ጽሑፉ ተመለሰ። ፎቶዎቹን ግን ሌባው ቅጂው ከመቀመጡ ቀደም ብሎ አጥፍቷቸው ኖሯል። እናም የሶርን ፎቶ ከገጻችን ወስዶ ያስቀመጠ ሁሉ ይላክልኝ ብዬ ለቀድሞ ተማሪዎቹ ጻፍኩ።

ከቡሬ ተላከ። ከዳሪሙ ተላከ። ከአዲስ አበባም። ደስታዬ ግን አንድ በአንድ እስክከፍተው ድረስ ነበር። የቡሬው ቡና ነጋዴ የላከው የራሱን ምስል ነው፤ ቆርጦ። የዳሪሙዋ የራሷን፤ ቆርጣ። ሁሉም ራሱን አድኖ ሌላውን ጥሏል። ነጋዴው ትከሻ ላይ ባለቤት የሌለው እጅ አርፏል፤ የበርሲሳ እጅ ነው። አንዷ ጋ የኮቱ ጫፍ ቀርቷል። ቁርጥራጮቹን ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ስደረድራቸው ፏፏቴው እንኳ ተገጣጠመ፤ መሀሉ ግን ባዶ ሆነ። ሰዎቹን አትፍረዱባቸው። እናንተስ የክፍላችሁን ፎቶ ስታገኙ መጀመሪያ የምትፈልጉት ማንን ነው?

መልስ ያልሰጠው ተሾመ የሚባል የጎሬ ሰው ብቻ ነበር። መደወል ግድ ሆነብኝ። የምናገረውን በልቤ ስለማመድ ቆይቼ ደወልኩና፣ ሲያነሣ ሁሉም ጠፋኝ። “የ... የበርሲሳ ፎቶ” አልኩ።

“እሱ ላይ እኮ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት” አለኝ። “ማን እንዲህ ሆኖ መታየት ይፈልጋል? የእኔን ፊት ቆርጬ ጣልኩት፤ በርሲሳ ብቻ ነው የቀረኝ።”

ወዲያው ላከልኝ። በርሲሳ ሙሉውን፣ ባርኔጣው ሳይቀር። የተሾመ ትከሻም አብሮ አለ። ከመልኩ ጋር የተጣላ አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ እኮ በርሲሳ ጠፍቶ ቀርቶ ነበር።

በሰርጉ ቀን ፎቶው ተለቅ ተደርጎ ታጥቦ ዳሱ ውስጥ ተሰቀለ። መጋጠሚያው ያስታውቃል፤ ፏፏቴው አንዳንድ ቦታ ላይ ቀለሙን ይቀይራል። የቀድሞ ተማሪዎቹ ከየአገሩ መጥተው ከበቡት። “ይቺ እኔ ነኝ” ትላለች አንዷ። “ያኔ እንዲህ ቀጭን ነበርኩ እንዴ?” ይላል የቡሬው ነጋዴ ሆዱን እየዳሰሰ። ተሾመ ደግሞ ጭንቅላት የሌለው እሱ መሆኑን ለመጣ ለሄደው ያስረዳል። ሁሉም ራሱን አይቶ ወደ ምግቡ ይመለሳል።

ከጥግ ሆኜ ይህን አያለሁ። እትዬ ዘነበች አጠገቤ ሲመጡ ምላሴ ሳይተሳሰር ተናገርኩ። “እትዬ፣ ይህን ያህል የተለፋው ለሳቸው ነበር። አንድ ሰው እንኳ አላያቸውም።”

“ተያቸው ልጄ” አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። “ድሮም ሰሌዳውን አያዩልኝም ይለኝ ነበር። እሱስ ቢሆን ካሜራውን መች አየ?”

ቀና ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ፎቶ አንሺው ሲያነሣቸው፣ በርሲሳ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ እየሳቀ ነበር።