ዜና እመት መረብ፦ የመካከሏን ኳስ ስለ መቀማቷ

በዘመነ መድፊቱ በአምስተኛው ዓመት፣ ከቀድሞ ጥንዶቿ ዘመነ ረጅሟ በወገብ ሕመም፣ ዘመነ ዝምተኛዋም በትዳር ካለፉ በኋላ፣ ቀኝ ጉልበቷ ባመፀበት በሁለተኛው በጋ፣ ሞአት እመት መረብ፣ ሥይምተ ግማሽ ሜዳ፣ ዐቃቢተ መስመር፣ መቅሠፍተ ኳስ፣ የነጠላውን ቴኒስ ንቃ በጥንዱ የነገሠች፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጀርባ ባለው በመጨረሻው ሜዳ ለፍልሚያ ወጣች።

በሜዳው የሚስቅ ቢኖር አፉን ይያዝ! በታላቁ ሜዳ፣ ወንበሩ በተደረደረበትና ካሜራው በተተከለበት፣ ለብቻቸው የሚሮጡት ይጫወታሉ፤ ስሕተታቸውን የሚያይባቸው ባልንጀራ የላቸውምና ራሳቸውን ጀግና ይላሉ። ጥንዶቹ ግን የማጠቢያው እንፋሎት በሚነፍስበት፣ እርጥብ ፎጣ በአጥሩ ላይ በሚሰጣበት ሜዳ ይዋጋሉ። አጎቷ እንኳ፣ ከኳስ ሁሉ የሚያውቀው የልጆቹን ፊኛ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በየዘመድ ጉባኤው «መቼ ነው እንደ ሰው ለብቻሽ የምትጫወቺው?» ብሎ ያውጅባት ነበር። በአንድ እጅ አይጨበጨብም እያለ ልጆቹን የሚመክረውም ይኸው አጎት ነው።

ተከታዮቿም እነዚህ ነበሩ፦ ፀሐይ ቢኖርም ባይኖርም ጃንጥላዋን የማትዘጋ እናቷ፤ ወጌሻው ከነቅባቱ፤ የራኬት ክር ወጣሪው ከነመቆንጠጫው፤ መኪና የሚነዳው እርሱ ስለሆነ ብቻ የመጣና ገና ሳይጀመር ያንቀላፋ የእህቷ ባል፤ መጸዳጃ ቤት ሲፈልግ ተሳስቶ ገብቶ ሳይወጣ የቀረ አንድ ጎልማሳ፤ ከአጥሩ ማዶም ፎጣ የሚያሰጡት ሴቶች። ከሁሉም በላይ አሰልጣኙ ነበረ፣ የመከራዋም ሁሉ ምንጭ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እመት መረብ ከፊት በመረቡ አጠገብ ትቆማለች፤ መድፊቱ፣ ስሟን ከምትተኩሰው የመክፈቻ ምት፣ ከሰርቩ፣ ያገኘችው ጥንዷ፣ ከኋላ ትቆማለች። ከኳሶችም ሁሉ ክፉዋ በሁለቱ መካከል የምትመጣዋ ናት፤ ባለቤት የላትምና። በቀድሞው ዘመን ይህችን ኳስ ሁለቱም ይሻሟት ነበር፤ ራኬት ከራኬት ይጋጫል፤ «ዓይንሽ የት ነው?» የሚል አዋጅ ከወዲህ፣ «ከመንገዴ ዞር በይ!» የሚል ከወዲያ ይታወጃል፤ ኳሷ ግን ትመለስ ነበር። አራት ዓመት እንዲህ እየተሰዳደቡ ድል አደረጉ። ከሜዳ ሲወጡም አንዲቱ የሌላይቱን ቦርሳ ትሸከም ነበር።

አሰልጣኙ ግን ስለ ባልንጀርነት በተሰጠ ሥልጠና ላይ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ ነጻ ብስኩት በልቶ፣ ጥበበኛ ሆኖ ተመለሰና እንዲህ ሲል ዐወጀ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በሜዳዬ ላይ ጭቅጭቅ ቀረ! ተከባበሩ! ተሰማሙ! ፈገግ በሉ!» ሰላምን የሚጠላ የለም፤ ነገር ግን የማያውቁትን ሰላም ያለ ቦታው የሚሰብክ ሰው ከጠበኛ ይከፋል! ከዚያ አዋጅ በኋላ የመካከሏ ኳስ በመጣች ጊዜ እመት መረብ «ያንቺ ነው እቴ!» ትላለች፤ መድፊቱም «ኧረ በሞቴ፣ ያንቺ!» ብላ ታውጃለች፤ ኳሷም በሁለቱ ትሕትና መካከል እንደ ንግሥት አልፋ ታርፋለች። በጨዋነት ሦስት ውድድር ተሸነፉ።

ይህን አይታ አንዲት ወጣት፣ ስለ ቁመቷ ቀጭኔ የምትባል፣ መድፊቱን ለራሷ ጥንድነት ጠየቀች። መድፊቱም በልብስ መለወጫው ክፍል ጫማዋን እያሰረች፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ «እታለም፣ አትቀየሚኝ፤ ዛሬ ከተሸነፍን ከቀጭኔ ጋር መሄዴ ነው» ብላ ዐወጀች። ለእመት መረብ ይህ የሞት ፍርድ ነበር፤ ጉልበቷን የሚያውቅ ሁሉ አዲስ ጥንድ አይሆናትም፤ ጥንድ የሌላት የጥንድ ተጫዋችም የአንድ እግር ጫማ ናት።

ፍልሚያውም በሆነ ጊዜ ተጋጣሚዎቹ፣ ልብን የሚያደርቁ እኅትማማች፣ የአዋጁን ወሬ ሰምተው ነበርና ኳስን ሁሉ በመካከል ላኩ። ትሕትናው በዛ፤ ነጥቡም አለቀ። ዳኛዋ ከከፍተኛ ወንበሯ ላይ ለሽንፈት አንድ ነጥብ ብቻ መቅረቱን ዐወጀች። እናቲቱም ጃንጥላዋን እያነሣች «አንቺ ልጅ፣ እንግዳ መቀበያ አደረግሽው እንዴ ሜዳውን!» የሚል ብርቱ አዋጅ አወጣች። ቀጭኔም በአጥሩ አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታይ ነበር።

ያን ጊዜ የመካከሏ ኳስ መጣች። መድፊቱ «ያንቺ ነ—» ብላ ሳትጨርስ፣ እመት መረብ የአሰልጣኙን ሕግ ሽራ፣ «ልቀቂ! የኔ ነው!» የሚል ፎጣ የሚያሰጡትን ሴቶች ያስደነገጠ አዋጅ አውጥታ፣ ጥንዷን በትከሻዋ ገፍትራ፣ የታመመ ጉልበቷን ረስታ ተወረወረች። ኳሷም በክሩ ሳይሆን በራኬቱ ጠርዝ ተመታች፤ መረቡን ነካች፤ ጥቂት አመነታች፤ ወደ ጠላት ወገን ወደቀችና ሞተች። ምቱ አስቀያሚ ነበር፤ የዜና ጸሐፊ ግን ነጥብን ይመዘግባል እንጂ ውበትን አይመዝንም።

መድፊቱ ከወደቀችበት ተነሥታ አቧራዋን እያራገፈች «አንቺ ቀማኛ! በትከሻሽ ነው የምትጫወቺው?» አለች፤ እመት መረብም «ተኝተሽ ስታይው ምን ላድርግ!» ብላ መለሰች። አሰልጣኙ ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስድቡ እንደ በረዶ ወረደ፤ ነጥቡም አብሮ ዘነበላቸው፤ እኅትማማቾቹ በሁለቱ መካከል የሚያሳልፉበት ቀዳዳ አጡ። የእህቷ ባል እንኳ ነቅቶ ማን እንደተጣላ ጠየቀ።

የመጨረሻይቱ ኳስ ከፍ ብላ በእመት መረብ ራስ ላይ፣ የበሰለች ሆና ወረደች፤ ሕፃን እንኳ የእርሷ መሆኗን ያውቃል። ራኬቷን አንሥታ ስትጠብቅ መድፊቱ ከኋላ እንደ ጎርፍ መጥታ ዘልላ ቀማቻትና ምድር እስክትናወጥ መታቻት። ዳኛዋ ድሉን ዐወጀች። እመት መረብ ግን ድሉን አልሰማችም፤ «የኔ ነበረች! ዓይን የለሽም?» እያለች በሜዳው መካከል ታውጅ ነበር።

መድፊቱም ላቧን እየጠረገች ወደ አጥሩ ሄዳ ለቀጭኔ እንዲህ ስትል የመጨረሻውን አዋጅ አወጣች፦ «እኅቴ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። ከዚችኛዋ ጋር ያለኝ ጭቅጭቅ ገና አላለቀም።»

ስለዚህ ስሟ በመካከል መስመር ሁሉ ይጠራ! ቅን ጠብን የመለሰች፣ የሐሰት ትሕትናን የሻረች፣ በአንድ ትከሻ ዘመነ መንግሥቷን ያዳነች እመት መረብ! ቦርሳዋን ጥንዷ ተሸክማላት እየተነታረኩ ከሜዳ ወጡ፤ ከማጠቢያው ቤት በር እስከ መኪናው ድረስም አዋጃቸው አልተቋረጠም። ጥንድነት ይህ ነው፤ ያልገባው ለብቻው ይጫወት!