የዓሣው ደንብ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለታችሁ አይቀርም፤ ዛሬ ግን ላሟን ከነበረቷ ተዉአትና ወደ ጫካ ተከተሉኝ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ትልቅ ወንዝ በሚያቋርጠው ጫካ ውስጥ፣ አራዊት ሁሉ በዘበኞች ጥርስ ተማርረው ነበር። ዘበኞቹ ከርከሮዎች ነበሩ። ከርከሮ «ቁም» የሚለው በጥርሱ ነው፤ «እለፍ» የሚለውም በዚያው በጥርሱ ነው። ሰላምታው እንኳ ጠባሳ ሳይተው አይቀርም ነበር።

እሮሮው ሲበዛ አያ አንበሶ ሸንጎ ጠራ። የሸንጎው ጸሐፊ እመት ጦጣ ተነስታ ዘዴ አቀረበች። በወንዙ ውስጥ ነዛሪ ዓሣ የሚባል አንድ ወፍራም ፍጥረት አለ፤ የነካው ሁሉ ተንዘፍዝፎ ይወድቃል፣ ጥቂት ቆይቶም ይነሳል።

«እያንዳንዱ ዘበኛ አንድ ዓሣ፣ ውሃ በሞላ ቅል ውስጥ አንጠልጥሎ ይያዝ» አለች። «ደም አይፈስም፣ አጥንት አይሰበርም፣ ሣሩም አይቆሽሽም።»

አራዊት ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለለት የበሬ ዘመድ፣ ጎሽ ሳይቀር መሬቱን በሰኮናው እየደበደበ ድጋፉን ገለጸ።

መሣሪያ ያለ ደንብ አይሆንምና እመት ጦጣ በኮባ ቅጠል ላይ ደንብ ጻፈች። ቅሉ በግራ ትከሻ ይንጠለጠላል። ዘበኛ በሥራ ላይ እያለ ቅሉን ከትከሻው አያወርድም። ዓሣውን ከማስነካቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስት ጊዜ «ቁም» ይላል። እርጉዝ አትነካም። ውሃ ውስጥ ያለ አይነካም። ከአንድ የአቤቱታ አንቀጽ በቀር፣ የተቀሩት ሃያ ሦስት አንቀጾች ስለ ዓሣው ነበሩ፤ ውሃው በየማለዳው እንዲለወጥለት፣ የሰባ ትል እንዲቀርብለት፣ አንድ ጊዜ ከነዘረ በኋላ ደግሞ ሐኪሙ ጉሬዛ ሳይውል ሳያድር መጥቶ እንዲመረምረው። እመት ጦጣ ለዓሣው በጣም አዝናለታለች። ሥራው ከባድ ነው።

በዚያ ጫካ እትዬ ድኩላ የምትባል ጨዋ ሴት ከባሏ ከጋሽ ድኩላ ጋር ትኖር ነበር። ጋሽ ድኩላ በአንድ ክረምት መብረቅ አጠገቡ ወድቆ ጆሮው ከደነቆረ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የሚሄደው ከሚስቱ ኋላ ነው። ጅራቷን ሽቅብ ስታቆምና ከሥሩ ያለው ነጭ ጠጉር ሲታይ ይቆማል፤ ስታወርደው ይከተላል። ይህን የማያውቅ አልነበረም። በወንዙ መሻገሪያ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ከርከሮ ጎረቤታቸው ነበርና «የጋሼ ጆሮ የእትዬ ጅራት ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

አንድ ማለዳ ደንቡን ለማስገንዘብ ስብሰባ ተጠራ። ከየቤቱ አንድ ተወካይ ዋርካው ሥር ይገኝ፣ የቀረ ሦስት ቀን ውሃ አይቀምስም ተባለ። መቼስ ከሁለቱ ጆሮ ያላት እሷ ናት። ባሏን ቁጥቋጦ ሥር አስተኝታ፣ አንገቱን ላስ ላስ አድርጋ፣ «እስክመለስ እዚሁ ሁን» በሚል ምልክት ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አቁማለት ሄደች። ቶሎ የምትመለስ መስሏት ነበር። ምስኪን፣ ስብሰባ አታውቅም!

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ገና ስለ ቅሉ ማንጠልጠያ ይብራራ ነበር። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል እትዬ ድኩላ እየፈራች ተነሳች።

«‹ቁም› ቢባል የማይሰማስ?»

እመት ጦጣ ኮባዋን ገለባበጠች። «ደንቡ ‹ሦስት ጊዜ ቁም ይላል› ነው እንጂ ‹ያሰማል› አይልም። መስማት የተገልጋዩ ድርሻ ነው።»

«ጆሮ የሌለው ድርሻውን በምን ይወጣው፣ እመት ጦጣ?»

«ጥያቄዎ በጣም ገንቢ ነው። በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለች ጸሐፊዋ። ተያዘ። ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያባራ ቆቅ እየበረረች መጣች። «እትዬ ድኩላ! ጋሽ ድኩላ ጠምቶት ወንዝ ወረደ፤ ሌላው የማይጠጋበት የአያ አንበሶ የመጠጫ ሰዓት ነበርና ነዘሩት!»

እትዬ ድኩላ እግሬ አውጪኝ አለች። «ሳያስፈቅዱ መውጣት ክልክል ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ተከተላት።

ወንዙ ዳር ስትደርስ ባሏ የፊት እግሮቹ ውሃ ውስጥ፣ የኋላዎቹ ደረቅ መሬት ላይ ሆነው ተዘርሯል። አፍንጫው ውሃ ውስጥ ገብቷል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን እሷን አያይም። ዘበኛው ከርከሮ ቅሉን በግራ ትከሻው እንዳንጠለጠለ ቆሟል።

«እትዬ፣ ሦስት ጊዜ ጮህኩ።»

«እንደማይሰማ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ከርከሮው መሬት መሬት አየ። «ደንቡ ሦስት ጊዜ ጩህ አለኝ። የምታውቀውን አስብ የሚል አንቀጽ ፈልጌ አጣሁ።»

«በል እሺ፣ ከውሃው እንሳበው፤ አንተ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

«ጎንበስ ካልኩ ውሃው ይፈሳል፤ ቅሉን ማውረድ ደግሞ ክልክል ነው» አለ ከርከሮ።

ስለዚህ ብቻዋን፣ ያንኑ የማይሰማ ጆሮውን በጥርሷ ይዛ፣ እየጎተተች አወጣችው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ጉሬዛ ነጭ ካባው እየተውለበለበ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ሲመጣ አየች። «ተመስገን! ደረሰልን» ብላ እንባዋ መጣ።

ጉሬዛ በጋሽ ድኩላ ሆድ ላይ ተሻገረና ቅሉ ላይ አጎነበሰ። ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ በጣቱ ገልጦ አየ። «ደንግጧል። ትንፋሹም ፈጠን ፈጠን ይላል። ዛሬና ነገ ጥላ ሥር ይረፍ፣ ትሉ ይጨመርለት።»

«የኔ ጌታ፣ ይሄኛውስ?» አለች እትዬ ድኩላ።

ጉሬዛ ዞር ብሎ ጋሽ ድኩላን አየው። ከልቡ አዘነ፤ ማዘን በደንቡ አልተከለከለም። «እኔ የታዘዝኩት ለዓሣው ነው፣ እናቴ። በሌላው እጄን ካስገባሁ ነገ እጠየቃለሁ» ብሎ በመጣበት ዛፍ ተመለሰ።

በማግስቱ አቤት ልትል ወደ እመት ጦጣ ሄደች። ደንቡ ለአቤቱታም ቦታ ነበረው። በዓሣ ተነዝሬ ተበደልኩ የሚል ራሱ ቀርቦ፣ በአራት እግሩ ቆሞ፣ አቤት ይበል ይላል።

«መቆም አቅቶት እኮ ነው የመጣሁት!» አለች።

«ሲቆም ይምጣ። በራችን ክፍት ነው» አለች እመት ጦጣ በፈገግታ።

አምስት ቀን ሙሉ እትዬ ድኩላ ትከሻዋን ከጎኑ አስገብታ ልታቆመው ታገለች። ጉልበቱ እየከዳው ይወድቃል፤ እንደገና ታነሳዋለች። ሣር አኝካ ታጎርሰዋለች፣ እሱ ግን የዋጠው ውሃ ደረቱን ይዞት ያቃስታል። በስድስተኛው ቀን ማለዳ ሁለት የፊት እግሮቹን አነሳ። በደስታ ልትሞት ደረሰች። ከዚያ አንገቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና ሞተ። እትዬ ድኩላ እስኪመሽ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀችም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ወንዝ ወርዶ ለካ። ሟቹ በሁለት እግሩ ውሃ ውስጥ፣ በሁለት እግሩ መሬት ላይ ነበር፤ ዘበኛው ያስነካው ከኋላ፣ ማለትም በመሬቱ በኩል ስለሆነ ደንቡ አልተጣሰም። ማስጠንቀቂያው ሦስት ጊዜ ለመሰጠቱ ወንዝ ማዶ ያለች ቆቅ ሳትቀር መስክራለች። ቅሉ በግራ ትከሻ ነበር። በወንዙ ዳር የዓሣውን ያህል የተጎዳ አልተገኘም፤ እሱም አርፎ ድኗል።

ከዚያም ታላቅ ሸንጎ ተጠራ። እመት ጦጣ ደንቡ ከወጣ ወዲህ አንድም አቤቱታ እንዳልቀረበ አበሰረች። ዓሣው አዲስ ቅል ተሸለመ። ለዘበኛው ከርከሮ የምስጋና ቅጠል ሲሰጠው ፊቱን አዙሮ ተቀበለና «ጥርሴ ይሻለኝ ነበር» አለ በለሆሳስ። «በጥርሴ ስወጋ፣ ምን እንዳደረግኩ አውቅ ነበር።» የሰማው አልነበረም፤ ጭብጨባው ከፍተኛ ነበር።

በመጨረሻ የሟች ቤተሰብ ሐሳብ ካላት ትስጥ ተባለ። እትዬ ድኩላ ወደ መሃል ወጣች። ስትቆም እንደ ልማዷ ጅራቷን ሽቅብ አቆመችና ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። የሚቆም አልነበረም። ጅራቷን ቀስ ብላ አወረደች።

«ደንባችሁን ከላይ እስከ ታች አስነብቤ ሰማሁት» አለች። «የጎደለው ነገር የለም። ውሃ የሚቀይር፣ ትል የሚያጎርስ፣ ሐኪም የሚጠራ ሁሉ አለበት። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የባሌ ነው። በዚህ አገር እየኖረ ዓሣ ሆኖ አልተፈጠረም።»