የነፍስ ስልጠና

በ2014 ዓመተ ምሕረት፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሳለሁ፣ ዕቅድ የሚወድ ሰው አየሁ። እናንተንስ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አለቃችን፣ ሙዲር የምንለው፣ "ለሠራተኛው የነፍሲያ ስልጠና እናቅድ" አለ። በዐረብኛ የአእምሮ ጤና ማለቱ ነበር። ጎንደሬዎቹ ተሸካሚዎች ግን የሰሙት "ነፍስ" የምትለዋን ብቻ ነው።

"አያ ደሴ፣ ሰሊጡን ሳናነሣ ነፍሳችንን ሊያነሡ ነው?" አለኝ አለቃቸው ታከለ። ሰሊጡ ደጅ እንደተከመረ፣ ደመናው እየመጣ፣ ወደ መተማ ሊሻገሩ ጓዛቸውን ሸከፉ።

ሙዲሩ ምን ያድርግ? ስለ እንቅልፍ የሚሰጠውን ትምህርት ሦስት ቀን ሳይተኛ ዐቀደ። ስለ ትዕግሥት የሚሰጠው ትምህርት ዕቅድ ዘገየ ብሎ ደግሞ ጠረጴዛ ሰበረ። በመጨረሻ ጠራኝና፣ "ከሁሉ የባሰበትን ሰው ስም ጻፍልኝ፤ ስልጠናው በሱ ይጀመራል" አለኝ።

እኔ መጻፍ የምችለው በየከረጢቱ ላይ የታተመውን የሙዲሩን ስም ብቻ ነው። እሱኑ ገልብጬ ሰጠሁት።

"እኔን ነው?" አለ ዓይኑ ቀልቶ።

"ሙዲር፣ ሌላ ስም መጻፍ አልችልም። ብችልም ያው ነበር።"

በር ላይ የቆመው ታከለ ሳቁን መያዝ አቃተው። "በሱ ከተጀመረማ እኛ ምን አስቸኮለን፤ መጨረሻውን አይተን እንሄዳለን" ብሎ ጓዙን ፈታ።

በማግስቱ ማለዳ የጠፍር አልጋዬን ወደ ኒሙ ዛፍ ጥላ አውጥቼ፣ ስልጠናው በእንቅልፍ ይጀመር ብዬ ሙዲሩን አስተኛሁት። ተሸካሚዎቹ ሰሊጡን እስኪያስገቡ ድረስም ማንም እንዳይቀሰቅሰው ዱላዬን ይዤ ራስጌው ቆምሁ።